ከኩመሩ ሥር የተፈረደብኝ ዓመት

መተማ ውስጥ ካለችው ከኮኪት ወጣ ብሎ፣ ወደ ገንዳ ውሃ በሚወስደው መንገድ በስተግራ፣ አንድ ትልቅ የኩመር ዛፍ ነበረ። ነበረ ነው የምላችሁ። ባለፈው ጥር ከልጄ ጋር በባጃጁ ሳልፍ ፀሐዩ አናቴን ሊበረቅሰው ደረሰና "እዚያ ጥላ ሥር አንድ አፍታ አረፍ ልበል" ብዬ አስቆምኩት። ወርጄ ሳመራ ጥላው የለም። መጀመሪያ ቦታውን የሳትኩ መስሎኝ ነበር፤ በእኔ ዕድሜ ሰው የገዛ ቤቱንም ይስታል። ዞር ዞር ብዬ ሳይ ግን ጉቶው ቁጭ ብሏል፤ ከጎኑ አፈር የለበሰ የከሰል ክምር ቀስ እያለ ይጨሳል። ለእኔ መስሎኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ጭሱ ራሱ እንደ ኩመር ፍሬ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ነበረው። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ጉቶው ላይ ዘፍ አልኩ።

"አባዬ፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ ልጄ ሀብታሙ፣ ሞተሩን አጥፍቶ እየሮጠ።

"አላመመኝም። እዚህ ነበር የተፈረደብኝ።"

"ማን ላይ?"

"እኔ ላይ ነዋ! እኔ አባትህ ላይ።"

ሀብታሙ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ሠላሳውን ካለፈ ቆይቷል። አባቱ በአደባባይ የተፈረደበት ሰው መሆኑን ግን ያን ቀን ነው የሰማው። ከጎኔ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔም ከዚያ ጉቶ ላይ ሳልነሣ አወራሁት፤ ለእናንተም ያንኑ ነው የማወራችሁ።

የዛሬ ስንት ዓመት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ዓመት መቁጠር አልወድም። ኮንጎ ጫማ በሁለት ብር የሚገዛበት፣ ሻይ አሥር ሳንቲም ሆኖ ስኳሩ ከሥር እስኪያቅር የሚጨመርበት ዘመን ነበር። ኮኪት ያኔ ከተማ የምትባለው በይሉኝታ ነው። ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ የሣር ጎጆ፣ ሁለት ሦስት የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ልብስ ሰፊ፤ አለቀ። ልብስ ሰፊው በረንዳው ላይ ሬዲዮ ነበረው፤ ከማዶ ከሱዳን የሚመጣ የዓረብኛ ዘፈን ቀኑን ሙሉ ያንቆረቁርበታል። ቃሉ ምን እንደሚል ማናችንም አናውቅም፤ ግን ሁላችንም እናንጎራጉረው ነበር። ዛሬም አንዳንዴ ልጅ ሳባብል ያ ዜማ አፌ ላይ ይመጣል፤ ሚስቴ "ደሞ ዓረቡ ተነሣበት" ትለኛለች። የመተማ ዮሐንስ ነጋዴዎች ከሱዳኗ ጋላባት የመጣ ሽቶ ተቀብተው፣ ነጭ ጀላቢያ ለብሰው ሲያልፉ መንገዱ ይታወድ ነበር። እኛ ከደጋ የወረድን አጫጆች ግን ካኪ ቁምጣ፣ የሰሌን ባርኔጣና በጨርቅ የተጠቀለለ ማጭድ ነው ያለን። ከበለሳ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ መስከረም ሲጠባ እንወርዳለን፤ ኅዳር ላይ የሰሊጥ ጭነት ላይ ተንጠልጥለን እንመለሳለን። ስናጭድ የምንላት ግጥም ነበረችን፦

ማጭዴን ስዬ ቆላ ወርጄ፣
ማን ያርስልሻል ደጋ ያለሽ ደጄ።

ይቺን ሲል ስንቱ ጎበዝ እንባው ዱብ ይል ነበር። እኔ አላለቅስም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አሥር ሰው አስከትዬ ከበለሳ የምወርድ አለቃ ነኝ፤ ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው። አይ ልጅነት!

ሰሊጥ ጠባዩ ክፉ ነው። ማሽላ ቢዘገዩበት ይታገሣል፤ ሰሊጥ አይታገሥም። ከታች መብሰል ሲጀምር ካልታጨደ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ፍሬውን የያዘው ከረጢት አፉን ይከፍትና መሬት ላይ ያፈሰዋል። በጊዜው ታጭዶ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደግፎ ቆሞ (ሂላ ነው የምንለው) ደርቆ ነው ሸራ ላይ የሚራገፈው። በዚያ ሰሞን ባለ ማሳ ሁሉ በአጫጅ እጅ ነው፤ ባለጸጋውም ድኻውም። እኔ እትዬ ጥሩነሽ ለሚባሉ ባላቸው ለሞተባቸው ሴት "ማክሰኞ እንገባለን" ብዬ ቃል ሰጠሁ። ሌሎች አጫጆች መጥተው ሲጠይቋቸው "የአዳነ ሰዎች ይዘውልኛል" ብለው መለሷቸው። አዳነ እኔ ነኝ። ሰኞ ዕለት አንድ የትልቅ እርሻ ወኪል ወደ ሰፈራችን መጣና "ፍየል ጥለናል፤ ኑ" አለ።

በቃ። ፍየል ነው ያሳተኝ። ሌላ የተሻለ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ፤ ግን የለኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደረቅ ቂጣ ስናላምጥ ከርመን የሥጋ ነገር ስንሰማ ማን ያስታውሳል ማክሰኞን! "ሁለት ቀን ሠርተን እንመለሳለን፤ የሴትዮዋ ሰሊጥ የት ይሄዳል?" አልኩ ለልጆቹ። ሁለቱ ቀን ስምንት ሆነ። ስንመለስ ሰሊጡ ቆሟል፤ ባዶውን። ከሥሩ መሬቱ ነጥቷል። እትዬ ጥሩነሽ ተንበርክከው፣ ከተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ውስጥ በጣታቸው ፍሬ ይለቅማሉ። ቀና ብለው አዩኝ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ የከበደኝ ስድብ ግን የለም።

በማግስቱ፣ ቃሉን የሰጠሁት አለቃው እኔ ነኝና፣ ኩመሩ ሥር ቁም ተባልኩ። ያኔ በኮኪት እንዲህ ያለው ነገር የሚታየው እዚያ ነው። ዳኛው አያ አዛናው ይባላሉ። ሹመት የላቸውም፤ ከሰው ሁሉ የበለጠ መሬትም የላቸውም። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንድ ዓይናቸው ፈዘዝ ያለ ሰው ናቸው። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ይቀመጣሉ። ደም ያለበትን ነገር አይነኩም፤ "ደሙን መንግሥት ይየው" ይላሉ። የኮንትሮባንዱንም ለኬላው ይተዋሉ። እሳቸው የሚያዩት ሌላውን ነው፤ የተሰረቀውን፣ የተጭበረበረውን፣ በሰው ማሳ የገባውን ከብት፣ የታጠፈውን ቃል። አንድ ልማድ ነበራቸው፦ የተከሰሰው አጫጅ ከሆነ ማጭዱን ተቀብለው ከኩመሩ ቅርንጫፍ ላይ ያንጠለጥሉታል። ማጭዱ ከዛፍ የተሰቀለበትን ሰው በዚያ ቆላ ማንም አይቀጥረውም። ዋስ አያስፈልግ፣ እስር ቤት አያስፈልግ። የእኔም ተሰቀለ።

የእኔ ተራ እስኪደርስ ሌላ ሌላው ሲታይ ዋለ። መጀመሪያ የቀረበው ሰሊጥ ላይ አሸዋ ቀላቅሎ የሸጠ ነጋዴ ነው። ጠብደል ያለ፣ ቴትሮን ሱሪ የለበሰ ሰውዬ። "የፈለጋችሁትን ልቀጣ፣ ብቻ በጓዳ ይለቅልኝ" ብሎ ለመነ። አያ አዛናው "በአደባባይ ያጭበረበረማ በአደባባይ ያበጥራል" አሉ። ሦስት የገበያ ቀን ሙሉ ገበያው መሐል ተቀምጦ፣ ማንም ያመጣለትን ሰሊጥ በነጻ በወንፊት እንዲያበጥር ተፈረደበት። ሴቶቹ እንዴት አድርገው እንደሳቁበት! "ኧረ ይቺ ጠጠር አመለጠችህ!" ይሉታል። ከዚያ ወዲያ የዚያን ሰው ሰሊጥ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚገዛው።

ቀጥሎ ከብቱን ሆን ብሎ የሰው ማሽላ ላይ የለቀቀ እረኛ ቀረበ፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ጢሙ የተንዠረገገ። እሱ የተፈረደበት ማሽላው እስኪሰበሰብ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ይዞ ወፍ እንዲጠብቅ ነው፤ ለዚያው ከብቱ ለበላበት ማሳ። ከዚያ ደግሞ ከእርሻ ካምፕ ዱቄት የሰረቀ አንድ የጎጃም ሰው መጣ። ቀጥ ብሎ መቆም አቅቶት ዛፉን ተደገፈ። አያ አዛናው አዩትና "መጀመሪያ አብሉት" አሉ። ከሳሹ የካምፑ ወኪል "ሌባ ነው እኮ!" ብሎ ጮኸ። "ሌባ ነው። አብሉትና ሌብነቱን እናያለን።" ሲበላ ጠበቅነው። በኋላ ሲጠየቅ በካምፑ ለሦስት ቀን ምግብ ሳይሰፈር መቅረቱ ወጣ። ሰውዬው የአንድ ቀን ሥራ ተፈረደበት፤ ወኪሉ ደግሞ እስከ አጨዳው ማብቂያ ሠራተኞቹ ሳይበሉ እሱ እንዳይበላ ተፈረደበት። እንግዲህ ይኼን ሁሉ እያየሁ ልቤ ደስ አለው። ቀላል ሰው ናቸው፣ እኔንም ወፍ ጠብቅ ይሉኝ ይሆናል ብዬ።

"አዳነ" አሉኝ ተራዬ ሲደርስ፤ "ቤትህ ማን አለ?"

ግራ ገባኝ። "አባቴና እናቴ።"

"እህት ወንድም?"

"አንድ እኔው ነኝ፣ አያ።"

"አባትህ ያርሳሉ?"

"እግራቸውን ታመው ነው። የማርሰው እኔ ነኝ።"

"ስንት በሬ? መሬቱ ወዴት ነው? የማን ሰፈር?" ሁሉንም ጠየቁኝ፣ ሁሉንም መለስኩ። ልባቸው ራራ፣ አዘኑልኝ አልኩ። ከዚያ ወደ እትዬ ጥሩነሽ ዞሩ። "ጥሩነሽ፣ ምን ይደረግልሽ?"

"ይታሰር!" አሉ እትዬ ጥሩነሽ። "ፊቱን ማየት አልፈልግም።"

"ቢታሰር ሰሊጥሽ ይመለሳል?"

"ሰሊጤ ባይመለስ ልቤ ይመለሳል!"

አያ አዛናው ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ። "ገንዘብ አልፈርድብህም፤ የለህም። ብትታሰር አንተ ተቀምጠህ ትበላለህ፣ እሷ ግን ባዶዋን ናት። ያፈሰስከው ሰሊጥ ብቻ አይደለም፤ ዓመቷን ነው ያፈሰስከው። ስለዚህ ዓመት ትመልሳለህ። እዚሁ ትከርማለህ። መሬቷን አርሰህ፣ ዘርተህ፣ አርመህ፣ አጭደህ፣ ሸራ ላይ ታራግፍላታለህ። ማጭድህ እስከዚያ እዚህ ነው።"

ቆላ መክረም! ክረምቱን! ያኔ የደጋ ሰው በክረምት ቆላ የሚያድረው ሊሞት ነው ይባል ነበር፤ ወባው፣ ጭቃው። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ አባቴ። "አያ አዛናው፣ አባቴን ማን ያርስላቸዋል? በረሃብ ይሞታሉ እኮ! ነገርኩዎት እኮ!" ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

"ሰምቻለሁ" አሉ። ተነሥተው ጋቢያቸውን አራግፈው ሄዱ።

በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ግን ያን ዓመት በፍርድ የሄደችው በቅሎዬ ነበረች ያንገበገበችኝ። አያ አዛናውን ጠላኋቸው። ደግ ይሏቸዋል፣ ለሌባ ራርተው በእኔ ይጨክናሉ እያልኩ ተብሰለሰልኩ። ወደ አገሩ ለሚመለስ አጫጅ "ሥራ አግኝቼ ነው የቀረሁት በሏቸው" ብዬ ለአባቴ መልእክት ሰደድኩ፤ ውርደቴን እንዳይሰሙ። እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ አልቀለሉኝም። መጀመሪያ ሁለት ወር ያናገሩኝ በአገጫቸው ነው። ሚያዝያ ላይ ድንጋዩ እንኳ እጅ ያቃጥላል፤ ሐምሌ ላይ የኮኪት ጭቃ ጫማ ያስወልቃል። ነሐሴ ላይ ወባ ጣለኝ። እትዬ ጥሩነሽ አጥሚት አፍልተው መጡና ራሴን ቀና አድርገው አጠጡኝ። "እግዜር ይስጥልኝ" ስላቸው፣ "ጠጣ እንጂ! ሰሊጤን ሳታጭድ ልትሞትብኝ ነው?" አሉኝ። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ጥርሳቸውን ያየሁት።

አንድ መጽናኛዬ የአያ አዛናው ልጅ ደሴ ነበር። እኩያዬ ነው፤ ማታ ማታ ይመጣና አብረን እየበላን ዓለሙን እናማለን፤ አባቱንም ጭምር። ግንቦት ሲያልቅ እሱም ጠፋ። "ደሴ የታለ?" ብዬ ብጠይቅ "ለሥራ ሄዷል" አሉኝ። ጋላባት ተሻግሮ በሽቶ ታጥቦ ይንሸራሸራል፣ እኔ እዚህ አረም እነቅላለሁ ብዬ ተናደድኩበት። መስከረም መጨረሻ ላይ መጣ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ መዳፉ ተልጧል። "የጋላባት ሥራ እጅ ይልጣል እንዴ?" አልኩት። "ይልጣል" ብሎ ሳቀ። እኔ ሞኙም አብሬው ሳቅኩ።

ያን ዓመት ሰሊጡን እንደ ታማሚ ነበር የጠበቅኩት። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ከሥሩ እዳብሰዋለሁ። ቢጫ ማለት ሲጀምር ሮጥኩ፤ አያ አዛናው ማጭዴን ለአጨዳው አውሰውኝ (አውሰውኝ ነው ያሉት፣ የገዛ ማጭዴን!) ከሰው ሁሉ ቀድሜ ገባሁ። ደሴና ሌሎች ሁለት ሰዎች አገዙኝ። አንዲት ፍሬ አልፈሰሰችም። ሂላው ደርቆ፣ ነዶው ተገልብጦ ሸራ ላይ ሲራገፍ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ሾ... ይላል፣ ዝናብ ሲጀምር እንደሚለው። እትዬ ጥሩነሽ ቆመው ሲሰሙት እንባቸው ወረደ። አያ አዛናው መጥተው አንድ እፍኝ ዘገኑ፣ አዩት፣ መለሱት። "ጥሩነሽ፣ ዓመትሽ ተመለሰ?"

"ተመለሰ፣ አያ።"

"ልብሽስ?"

እትዬ ጥሩነሽ ወደ እኔ አዩ። "እሱም። ይኼ ከይሲ፣ ጥሩ አጫጅ ነው።"

አያ አዛናው ማጭዴን በእጄ አኖሩልኝና "በል ሂድ፣ አባትህን እይ" አሉኝ።

ሄድኩ። ጭነት መኪና ላይ ሆኜ ጎንደር፣ ከጎንደር በእግር በለሳ። እስክደርስ ድረስ በሐሳቤ የማየው ዳዋ የዋጠው መሬት፣ ባዶ ጎተራ፣ የተሸጠ በሬ ነው። አባቴ በሕይወት መኖራቸውን እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም። ቀዬው ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ከደጃችን የተከመረውን የጤፍ ክምር ነው። ከእኛ ደጅ! በሬዎቹ አሉ፤ ወፍረዋል። አባቴ ከበሩ ላይ በምርኩዛቸው ብድግ ብለው "መጣህ ልጄ! ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው የላክህልን!" አሉኝ።

"ማን?"

"ደሴ ነዋ! ግንቦት ላይ መጣ። 'አዳነ ትልቅ ሥራ ይዞ መውጣት ስላልቻለ እኔን ላከኝ' አለን። አረሰ፣ ዘራ፣ አረመ፤ አጨዳውን ጎረቤት አገዘን። አጥሩን እንኳ ሳይቀር አደሰው እኮ። እናትህ እስክትሞት አትረሳውም።" ከዚያ ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝግ አደረጉ። "ቆላ ወርደው ስማቸውን የሚያስጠሩ ልጆች አሉ፣ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ ተናገርኩ።"

ከቤቱ ጀርባ ሄጄ፣ ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ደሴ ያደሰው አጥር ነው።

በሚቀጥለው ዓመት አጨዳ ሲደርስ ተመልሼ ወረድኩ። ደሴን አንገቱን አንቄ "ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። እንዲህ አለኝ። "ኧረ እኔስ መች ወደድኩ! አባቴ ሂድና እረስላቸው ሲለኝ፣ 'አዳነ ላጠፋው እኔ ምን አጠፋሁ?' ብዬ ጮኼበት ነበር። 'የአዳነስ አባት ምን አጠፋ?' አለኝ። ስወጣ ደግሞ ጠርቶ፣ 'ልጃችሁ ተፈረደበት እንዳትል። ሥራ ይዟል በል። ውሸት አይደለም፤ ይዟል' አለኝ።"

አያ አዛናው ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ተደፋሁ። ጫማቸውን ሳምኩት። እሳቸው ግን እንደ ወትሯቸው ናቸው። "ተነሣ እንግዲህ፣ አታስቸግረኝ። ሰሊጥ ደርሷል። ማጭድህን ይዘሃል?" ነው ያሉኝ። ስለዚያ ነገር እስኪሞቱ ድረስ አንድ ቀን አንሥተው አያውቁም። እኔም ከዚያ ወዲህ ከቆላ አልተነሣሁም። መሬት ያዝኩ፣ ሚስት አገባሁ፣ እትዬ ጥሩነሽ ሲሞቱ አልጋቸውን ከተሸከሙት አራት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ብዙ ዳኛ አይቻለሁ፣ የተማረም ያልተማረም። ሰው ያጠፋውን መቅጣት ብዙ ሰው ይችላል። ቅጣቱ ያላጠፋ ሰው ዘንድ እንዳይደርስ በር ላይ የሚቆም ግን አያ አዛናውን ብቻ ነው ያየሁት።

ጉቶው ላይ ሆኜ ይኼን ለሀብታሙ ስጨርስ ባለ ከሰሉ መጣ። ማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ፣ እኛን ሲያይ ሊሮጥ ፈለገና ተወው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሰይድ ይባላል፤ ከወሎ ለአጨዳ ወርዶ፣ ታሞ ጓደኞቹ ጥለውት ሄደው፣ መሳፈሪያ ለማግኘት ከሰል ማክሰል የጀመረ ሰው ነው። የዛፉን ነገር አያውቅም፤ ለእሱ ዛፍ ነው። ያው ጥፋት ጥፋት ነው፤ ኩመሩን ያለ ፈቃድ መቁረጥ አይቻልም፤ በሚቀጥለው ቀን ነገሩ ለሦስት ሽማግሌዎች ተሰጠ። አንዱ እኔ ነኝ። ጉቶውን ከበን ፀሐይ ላይ ተቀመጥን፤ ጥላ የለማ! የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሰይድ ላይ ይጮኻል። "ይታሰር!" ይላል አንዱ። ሀብታሙ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ "ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ልልቀቀው፣ አገር ይወቀው" አለ።

"ስልክህን ክተት!" አልኩት። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ከዚያ ወደ ሰይድ ዞርኩ። "ቤትህ ማን አለ?"

"ሚስቴ ናት፣ አባባ። አራስ ናት።"

"ሌላ?"

"ሌላ ሰው የለንም፣ ወላሂ። የበልጉን መሬት ልደርስላት ነበር የምጣደፈው። በሬዎቹ ቆመዋል፤ የሚይዛቸው የለም።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ተማከርን። ጥላ የቆረጠ ጥላ ያብቅል አልን፤ ሰይድ በጉቶው ዙሪያ አሥር የኩመር ችግኝ ይተክላል፣ ያጥራል፣ ዝናብ እስኪገባ ጠዋትና ማታ ከወንዝ በጀሪካን እየተሸከመ ያጠጣል። በዚህ በበጋ፣ በዚህ ቆላ! ቀላል ፍርድ አይደለም። የሚበላው እኔ ቤት ነው። ምሳሩን ተቀበልነው። ልሰቅለው ቀና ስል የምሰቅልበት ቅርንጫፍ የለም፤ ወደ ቤቴ ወስጄ ከአልጋዬ ሥር አኖርኩት። ሰይድ ራሱን ይዞ "ሚስቴስ፣ አባባ? ማን ይደርስላታል?" እያለ ሲያለቅስ፣ "ሰምቻለሁ" አልኩት። ለካ ይቺ ቃል ለሚላትም ከባድ ናት።

ቤት እንደገባን ሀብታሙን ጠራሁት። "በበሬ ማረስ ትችላለህ?"

"በልጅነቴ አርሼ አውቃለሁ። ምነው?"

"ወሎ ትሄዳለህ። ለሁለት ሳምንት። የሰይድን መሬት አርሰህ ዘርተህ ትመጣለህ።"

ዓይኑ ፈጠጠ። "እንዴ! ባጃጄስ? ልጆቼስ? ኧረ አባዬ፣ ሰይድ ላጠፋው እኔ ምን አጠፋሁ?"

አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን የእኔ ድምፅ አልመሰለኝም።

"የሰይድስ ሚስት ምን አጠፋች?"

ሀብታሙ ለሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ገንዳ ውሃ መናኸሪያ ወሰድኩት፤ ባጃጁን የሚነዳለት ጓደኛው ነው ያደረሰን። አሮጌ ሱሪ ለብሷል፣ የሰሌን ባርኔጣ አድርጓል፤ የት እንዳገኘው እንጃ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ ብቅ አለ። አሁንም ፊቱ አልተፈታም። "ባሌ የት ቀረ ብላ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?"

"ተፈረደበት እንዳትላት" አልኩት። "ችግኝ ያጠጣል በላት። እውነት ነው፤ ያጠጣል።"